ሾተላይ፣ ወባ እና የእህቴ ክኒን

ያለፈው ጥር ለጥምቀት ቁንዝላ፣ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። በከተራው ማታ የስልክ ቻርጀር ስፈልግ ከጎታው ጀርባ አንድ የክኒን ብልቃጥ አገኘሁ። ላዩ ላይ የእህቴ ስም ተጽፏል። እህቴ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ «ቦርሳዬ ውስጥ ነበር እኮ፣ ባሕር ዳር ረስቼው መጥቼ ይሆን?» እያለች ስታስስ ነው የዋለችው።

የደበቀችው እናቴ ናት።

ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ። እህቴ ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ሉፐስ የሚባል በሽታ ተገኝቶባታል። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ወዳጅና ጠላት መለየት ሲያቅተው የራሱን ቆዳ፣ መገጣጠሚያ፣ ኩላሊትና ደም የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ገደማ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚታመሙትም ልጅ በሚወልዱበት ዕድሜ ላይ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ክኒን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይባላል። በየቀኑ ትውጠዋለች። ሐኪሟም «ብታረግዢም እንዳታቋርጪው» ብሏታል።

እናቴን ለብቻዋ ጠየቅኳት። አልካደችም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። እርጉዝ ሴት መድኃኒት ትውጣለች እንዴ? እህቴንም የጨረሳት መድኃኒት ነው።»

«እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ…»

«አንተ ኮምፒውተርህን እወቅ።»

ልክ ናት፤ የማውቀው ኮምፒውተር ነው። ተምሬ የወጣሁት ምህንድስና፣ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ግን ሥራዬ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ሌላ ሰው በጻፈው ኮድ ውስጥ ትርጉም የሌለው የሚመስል መስመር ስታገኙ ዝም ብላችሁ አታጠፉትም። መጀመሪያ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ከዚያ መስመር ጀርባ አንድ የድሮ አደጋ አለ። የእናቴም ፍርሃት እንደዚያ ያለ መስመር መሰለኝ። ከጥምቀት በኋላ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ታሪኩን ወደኋላ መከተል ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው ያገኘሁት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሾተላይ

እናቴ «እህቴ» የምትላት የእኔ አክስት ናት። እኛ ልጆቹ «እታለም» ነበር የምንላት። እታለም ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስት ጊዜ ባዶ እጇን ቀርታለች። አንዱ በአምስተኛው ወር፣ ሁለቱ በሰባተኛው። እኛ ሰፈር ለዚህ ስም ፍለጋ የሚደክም ሰው የለም። ስሙ ከጥንት ተሰጥቷል፤ ሾተላይ።

ቃሉ ዕድሜ ጠገብ ነው። ብራና ላይ በሚጻፉት የክታብ ጥቅልሎች ውስጥ ከክፉ መናፍስት ተርታ ስሙ ይገኛል። በጎጃምና በጎንደር ደብተራ ለአንዲት ሴት ክታብ ሲጽፍ ብራናውን በቁመቷ ልክ ያዘጋጅ ነበር፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንዲጠብቃት። በነዚህ ጥቅልሎች በብዛት ከሚገለበጡት አንዱ የሱስንዮስ ታሪክ ነው። ወርዝልያ የምትባል ሕፃናት ገዳይ የቅዱሱን ልጅ ትገድላለች፤ እሱም በፈረስ ሆኖ ያሳድዳትና በጦር ይወጋታል። ይህን ጸሎት ያሰረች እናት ጽንሷ ይጸናል፣ የወለደችውም ያድግላታል ተብሎ ይታመናል። ዛሬ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ውስጥ ካሉት የኢትዮጵያ ጥቅልሎች ብዙዎቹ ለሴቶች የተጻፉ ናቸው። የባለቤቷም የክርስትና ስም በጸሎቱ መሃል በየቦታው ይጠራል።

እኔ እነዚህን ጥቅልሎች «የድሮ ሰው ነገር» ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን «ይቺ ሴት ጽንስ አይጸናላትም፣ ሕመሟ እውነት ነው» ብሎ በስሟ የመዘገበላት ሌላ ማን ነበር?

ከዚያ ሳይንሱ መጣ። በ1939 ፊሊፕ ሌቪንና ሩፉስ ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች ሞቶ የተወለደ ልጅ የነበራትን አንዲት የኒውዮርክ ሴት ደም መርምረው እንግዳ ነገር አገኙ። ከባሏ ደም ጋር የሚጣላ ፀረ እንግዳ አካል ነበራት። በቀጣዩ ዓመት ካርል ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር አር ኤች ብለን የምንጠራውን የደም ዓይነት ይፋ አደረጉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እናት ነጌቲቭ፣ ጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን በወሊድ ጊዜ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እሷ ይገባል። ሰውነቷ ያንን እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፤ ቀጣዩ ፖዘቲቭ ጽንስ ሲመጣ ግን የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ደሙን ያፈርስበታል። ይህን የሚከላከል መርፌ በ1968 ገበያ ላይ ዋለ። እኛም አገር «የሾተላይ መርፌ» ተባለ።

በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ፤ አሮጌው ስም አዲስ ቤት ገባ። ሾተላይ ማለት አር ኤች ማለት ሆነ። ግማሹ በጣም ደግ ነገር ነው፤ ስንት ሴት በዚያ መርፌ ልጅ አቅፋለች። ግማሹ ግን ወጥመድ ነው። ምክንያቱም ድሮ «ሾተላይ» ሲባል የነበረው አንድ በሽታ አልነበረም። የአር ኤች አለመጣጣም አለበት፣ ቂጥኝ አለበት፣ ወባ አለበት፣ የእርግዝና ደም ግፊት አለበት፣ የማኅፀን በር መላላት አለበት። ሁሉም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ስልካችሁ ላይ «የሆነ ችግር አጋጥሟል» ብቻ ብሎ እንደሚዘጋው አፕ አስቡት። መልእክቱ አንድ፣ ብልሽቱ ሃያ።

እታለም ሦስተኛው ሲወርድባት ደሟን ተመረመረች። ፖዘቲቭ ነው። «ሾተላይ የለብሽም፣ ደህና ነሽ፣ ሂጂ» ተባለች። አንዱ ብልሽት ስለሌለ ሁሉም እንደሌለ ተቆጠረ።

ደህና ግን አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏት ነበር። የእንጀራ ምጣድ ለማንሳት እኔን ትጠራኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ገበያ ውላ ስትመለስ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ቀይ ሽፍታ ይወጣባት ነበር። ሰው ሁሉ «ምች ነው» አላት። ዳማከሴ ተቀባች፤ ተነፋችበትም። ከሰዓት ሲሆን ጥላ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። «ፀሐይ ይጠላኛል» ትል ነበር፣ እየሳቀች።

በመጨረሻ እግሯ አበጠ። ኩላሊቷ ነው ተባለ። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ «ሉፐስ» የሚል ወረቀት ይዛ ስትመጣ ጊዜው አልፎ ነበር። የሰጧት ፕሬድኒሶሎን ፊቷን እንደ ጨረቃ አከበበው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ሞተች። ያስታመመቻት እናቴ ናት። እናቴ ያየችው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ እህቷ ክኒን ጀመረች፣ ፊቷ አበጠ፣ ሞተች።

አሁን ብልቃጡ ከጎታው ጀርባ ለምን እንደገባ ይገባችኋል።

ተኩላው

ሉፐስ በላቲን ተኩላ ማለት ነው። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ፊት ላይ የሚወጣን የሚበላ ቁስል ተኩላ የነከሰው መስሏቸው በዚህ ስም ጠሩት። ስሙ እንደ እኛ ሾተላይ ነበር፤ ብዙ ዓይነት ሕመም ታጭቆበታል። በ1851 የፓሪሱ ፒየር ካዜናቭ ከዚያ ክምር ውስጥ አንዱን ለይቶ ሉፐስ ኤሪቴማቶሰስ አለው። በ1872 የቪየናው ሞሪትዝ ካፖሲ በሽታው ቆዳ ላይ ብቻ እንደማይቆም ጻፈ፤ ትኩሳት ያመጣል፣ መገጣጠሚያ ይገባል፣ ይገድላልም።

ለመለየት የሚያስችል የደም ምልክት የተገኘው ግን በ1948 ነው። አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ማልኮም ሃርግሬቭስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በማይክሮስኮፕ የሌላውን ሴል እምብርት የዋጠ ነጭ የደም ሴል አዩ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ተቋም ፊሊፕ ሄንች ኮርቲዞንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዲት የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ሰጠ። አልጋ ላይ የነበረችው ሴት በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ሄንችና ሁለት ሌሎች በ1950 ኖቤል ተሸለሙበት። የእታለምን ፊት ያሳበጠው ፕሬድኒሶሎን የዚያ የኮርቲዞን ዘር ነው። ገዳይ መድኃኒት አልነበረም፤ ዘግይቶ የደረሰ መድኃኒት ነበር።

ልጅ የመውለድ ነገርስ? እዚህ ላይ ለእናቴ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። «እንዲህ ያለ ሕመም ያለባት ሴት ማርገዝ የለባትም» የሚለው ሐሳብ ከቁንዝላ አልመጣም። ለብዙ አሥርት ዓመታት የትላልቅ ሆስፒታል ሐኪሞች ለሉፐስ ታማሚዎች የሚሰጡት ምክር እሱ ነበር፦ አታርግዢ፤ ካረገዝሽም ይቋረጥ። ያለምክንያት አልነበረም። ከ1960 እስከ 1965 ባለው ጊዜ በተመዘገቡ የሉፐስ እርግዝናዎች ከመቶ 43ቱ ልጁ ሳይተርፍ ያልቁ ነበር። ማለትም ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ከ2000 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ግን ይህ ቁጥር ወደ 17 ወረደ።

በመሃል ምን ተገኘ? ብዙ ነገር፤ አንዱ ግን ከሾተላይ ታሪክ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። በ1983 ለንደን ውስጥ ግርሃም ሂዩዝና ባልደረቦቹ አንዳንድ የሉፐስ ታማሚዎች ደም ውስጥ ያለ ልዩ ፀረ እንግዳ አካል ደምን እንደሚያረጋ፣ የእነዚህም ሴቶች ጽንስ ተደጋግሞ እንደሚወርድ አሳዩ። ዛሬ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም ይባላል። ፀረ እንግዳ አካሉ እንግዴ ልጁን ያጠቃል፤ ጽንሱ ምግቡም አየሩም በሚመጣበት መንገድ ላይ ይታፈናል። እናትየዋ ከውጭ ጤነኛ ልትመስል ትችላለች። የደም ዓይነቷም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳነብ ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ። አምስተኛ ወር፣ ሰባተኛ፣ ሰባተኛ። እታለም የሞቱባት በዚህ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ያን ጊዜ የመረመራት የለም። ግን መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነበር።

መፍትሔውስ? በ1997 በታተመ የለንደን ጥናት እንዲህ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ያለባቸውና ጽንስ ተደጋግሞ የወረደባቸው 90 ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ። ትንሽ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 42ቱ ልጅ አቀፉ። አስፕሪን ከሄፓሪን መርፌ ጋር ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 71ዱ። ከምድር በታች የተቆፈረ ምሥጢር አይደለም፤ ሁለቱም አሮጌ መድኃኒቶች ናቸው።

ወደ ቅርብ ጊዜ ስንመጣ፣ በአሜሪካና በካናዳ 385 ሉፐስ ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች የተከታተለ ትልቅ ጥናት በ2015 ታትሟል። ከመቶ 81ዱ ያለ ከባድ ችግር ወለዱ። ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ ሴቶች ሲያረግዙ በሽታቸው ያልከረረ፣ ኩላሊታቸውም በደህና ሁኔታ ላይ የነበረ ናቸው። የትምህርቱ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው። ሉፐስ ያለባት ሴት ማርገዝ ትችላለች፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። ዛሬ ሐኪሞች የሚሉት በሽታው ቢያንስ ለስድስት ወር ጸጥ ካለ በኋላ ይሁን ነው። እንደ ማይኮፌኖሌትና ሜቶትሬክሴት ያሉት ጽንስ የሚጎዱ መድኃኒቶች ቀድመው፣ በሐኪም ይቀየራሉ። ትንሽ አስፕሪን የእርግዝና ደም ግፊትን ለመከላከል ይጨመራል። አንዱ ግን እንዳይቋረጥ ይደረጋል፤ እናቴ የደበቀችው።

ወባ

አሁን ወደ ጣና ዳር እንመለስ።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወባ መድኃኒት ነው። በትክክል ለመናገር የወባ መድኃኒት ቤተሰብ ልጅ ነው። ቤተሰቡ የሚጀምረው ከደቡብ አሜሪካ የሲንኮና ዛፍ ልጣጭ ነው። በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ኪኒንን ከልጣጩ ነጥለው አወጡ። (የእኛ «ክኒን» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ስም ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አስቡት።) በ1894 ለንደን ውስጥ ፔይን የተባለ ሐኪም ኪኒንን ለሉፐስ ታማሚዎች ሞከረው፤ ለአንዳንዶቹ ረዳቸው። ነገሩ ግን ተረሳ።

ያስታወሰው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት ወታደሮች ወባን ለመከላከል ሜፓክሪን የሚባል ቢጫ ክኒን በየቀኑ ይውጡ ነበር። ቆዳቸው ሳይቀር ቢጫ ይሆን ነበር። ታዲያ የቆዳ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው አንዳንዶቹ እየተሻላቸው እንደሆነ ታየ። በ1951 ፍራንሲስ ፔጅ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሜፓክሪን ለሉፐስ እንደሚረዳ ጻፈ። ክሎሮኪን በ1934 ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ ነበር፤ ለስለስ ያለው ወንድሙ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በ1955 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

በእነዚያው ዓመታት እኛ ዘንድ ወባ ሌላ ታሪክ እየጻፈ ነበር። በ1953 ከሐይቁ ሰሜን፣ ደምቢያ ሜዳ ላይ ወረርሽኝ ተነስቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥነው ኮሌጅ ጎንደር ላይ ሲከፈት ቦታው ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወባ ነበር። ከዚያ 1958 መጣ። በዚያ ክረምትና መኸር ወባ ለወትሮው ወደማይወጣበት ደጋ ወጣ። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150,000 ሰው ሞተ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያሉ ቦታዎች ናቸው በዋናነት የተመቱት። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ዲዲቲ የሚረጩት ሰዎች፣ ደም ከጣት የሚወስዱት ሰዎች፣ ክሎሮኪን የሚያድሉት ሰዎች በየገጠሩ የታወቁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ወባና ሉፐስን የሚያገናኝ ሌላም ክር አለ። በ1968 ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ይሠራ የነበረው ብራያን ግሪንዉድ ሆስፒታሉ ውስጥ እንደ ሉፐስ ያሉ ሕመሞች በጣም ጥቂት መሆናቸውን አስተዋለ። ምናልባት ወባና መሰል ተውሳኮች መከላከያውን ሥራ ስለሚያስይዙት ይሆን ብሎ ጠየቀ። በ1970 ከባልደረቦቹ ጋር ሉፐስ የሚመስል ሕመም የሚወርሱ አይጦችን በአይጥ ወባ ሲያሲዝ ሕመሙ ቀነሰላቸው። ሐሳቡ ዛሬም ያከራክራል። ጎጂ ጎን ግን ነበረው፤ «ሉፐስ አፍሪካ ውስጥ የለም» የሚል አባባል እንዲጸና ረድቷል። የለም የተባለን በሽታ ደግሞ ማንም አይፈልገውም፤ ያልተፈለገ አይገኝም፤ ያልተገኘ «የለም» ይባላል። በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶችን ከነጮቹ በእጥፍና ከዚያ በላይ የሚያጠቃ ነው። እኛ አገር የዚህ ሕመም ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ የስንቷ እታለም ሽፍታ «ምች» ተብሎ እንዳለፈ መገመት ነው።

በ2020 ደግሞ ክኒኑ በዓለም ዜና ላይ ወጣ። «ኮሮናን ያድናል» ተብሎ ተራገበ። አሜሪካ በመጋቢት መጨረሻ ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቅዳው በሰኔ አጋማሽ ሰረዘችው፤ አላዳነም ነበርና። በመሃል ግን ለዓመታት በሱ የቆሙ የሉፐስ ታማሚዎች በየአገሩ ፋርማሲ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

የሕፃኑ ልብ

እህቴ ነፍሰ ጡር ሆና ይህን ክኒን የምትውጠው ለራሷ ብቻ አይደለም። ስታቋርጥ በሽታው የመቀስቀስ ዕድሉ ይጨምራል፤ የተቀሰቀሰ ሉፐስ ደግሞ ለጽንሱም አደጋ ነው። ሌላም ምክንያት አለ።

አንዳንድ ሉፐስ ያለባቸው ሴቶች ደም ውስጥ «ሮ» የሚባል ፀረ እንግዳ አካል አለ። እህቴ አለባት። ልክ እንደ አር ኤች ታሪክ ይህም በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል። አንዳንድ ሕፃን ሽፍታ ይዞ ይወለዳል፤ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል ከደሙ ሲጠፋ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሽፍታውም ይጠፋል። ከባዱ ግን ልብ ላይ የሚደርሰው ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ የልብን ምት ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያደርሰውን መስመር ሊጠብሰው ይችላል። ኸርት ብሎክ ይሉታል። አንዴ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ አይመለስም። ከእነዚህ ሕፃናት ከአምስት አንዱ ገደማ ይሞታል፤ ከተረፉት ብዙዎቹ ፔስሜከር ያስፈልጋቸዋል። በእናቶችና በነዚህ ሕፃናት መካከል ያለው የፀረ እንግዳ አካል ግንኙነት ግልጽ የሆነው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።

አትደንግጡ። ይህ የሚደርሰው «ሮ» ካለባቸው እናቶች ከመቶ በሁለቱ ገደማ ላይ ነው። አንድ ልጅ ከዚህ በፊት የተያዘባት ከሆነች ግን በሚቀጥለው ወደ 18 ከፍ ይላል። በ2020 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ እናቶች በቀን 400 ሚሊግራም ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሲወስዱ ቁጥሩ ወደ 7 ተኩል ገደማ እንደወረደ አሳይቷል። የወባው ክኒን የሕፃን ልብ ይጠብቃል ማለት ነው።

አደጋው በብዛት የሚመጣው ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ልብ በዚያ ጊዜ መታየት አለበት። የሚመረጠው በስፔሻሊስት የሚሠራ የልብ አልትራሳውንድ ነው። እሱ በየከተማው አይገኝም። ግን የጤነኛ ጽንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ልብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ80 በታች ይወርዳል። ይህን ልዩነት ለመስማት ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ አጠገብ ያለው ፌቶስኮፕ፣ ያ እንደ ትንሽ ጥሩንባ የሚመስለው፣ ከእጅ ሰዓት ጋር ይበቃል። አልትራሳውንዱን አይተካም፤ ግን «ቶሎ ሂጂ» ለማለት ይበቃል።

በ2000 አገራችን ውስጥ ከመቶ ወላዶች አምስቱ ብቻ ነበሩ ጤና ተቋም የሚወልዱት። በ2016 26፣ በ2019 48 ደረሰ። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ሉፐስ አይናገሩም። ግን እታለም በዚህኛው ዘመን ብታረግዝ ጆሮውን ሆዷ ላይ የሚጥል ሰው የማግኘት ዕድሏ ይጨምር ነበር። ያ ሰው «ሾተላይ የለብሽም» ብሎ ከማቆም አልፎ አንድ ጥያቄ እንዲጨምር ነው የምመኘው፦ «ጠዋት ጣቶችሽን ያምሻል? ፀሐይ ይጠላሻል?»

ብልቃጡ

በጥምቀት ማግሥት፣ ገና ይህን ሁሉ ሳላነብ፣ ክኒኑን ይዤ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቡና እየቆላች ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅኩ ብልቃጡ ላይ ያለውን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ሃይድሮክሲ… ክሎሮኪን።»

ቀና አለች። «ምን አልክ? ክሎሮኪን?»

«አዎ።»

«የወባው? ያ መራራው?»

«ዘመዱ ነው።»

ምጣዱን አወረደችው። «እሱንማ አውቀዋለሁ! ገላን የሚያሳክክ። አንተን አርግዤ ወባ ሲጥለኝ የሰጡኝ እሱን አይደል? ሦስት ቀን ዋጥኩት፤ ሲያሳክከኝ አድሬ ነበር።»

እኔ የተወለድኩት በ1990 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ክሎሮኪን ለማንኛውም ወባ የመጀመሪያው መድኃኒት ነበር፤ ለአንዱ የወባ ዓይነት ዛሬም ነው። እናቴ ከማንበብ በፊት የሚቀድም ዕውቀት ነበራት። ክኒኑ ሆዷ ውስጥ ከእኔ ጋር ኖሯል። እኔ ደግሞ ይኸው፣ ቡና ልጠጣ ተቀምጫለሁ።

ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ እህቴን ጠራቻት። «ነይ፣ ክኒንሽ እዚህ ነው። በባዶ ሆድ እንዳትውጪው፤ እንጀራ ብዪ መጀመሪያ።» ጠበሉንም ከጎኑ አስቀመጠችላት። እህቴ ሁለቱንም ወሰደች፤ ማንም ከማንም አልተጣላም።

ይህን የምጽፈው በየካቲት መጨረሻ ነው። እህቴ ሃያ ሁለተኛ ሳምንቷ ላይ ናት። ባሕር ዳር የልብ አልትራሳውንድ ሁለት ጊዜ ታይታለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለአንድ ዘመድ ልቅሶ ቁንዝላ ሄዳ ሳለ እናቴ ራሷ እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ወስዳታለች። አዋላጅዋ ፌቶስኮፑን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተክላ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች።

ማታ እናቴ ደወለችልኝ። ሰላምታም አልቀደመም።

«142 ነው አሉ። ጥሩ ነው አይደል?»

«በጣም ጥሩ ነው፣ እማዬ።»

«እስከ ስንት ሳምንት ነበር ያልከኝ?»

«እስከ 26።»

«አራት ቀርቷል» አለችና ዘጋችው።